«የጾም» የሚለው ሰሌዳ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ደሴ በጉም ተሸፍና ቀጭን የበልግ ካፊያ ይወርድባት ነበር።

አንዲት ሴት በአንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ፣ ባዶ መደርደሪያ ፊት ቆማለች። በአንድ እጇ ሜትር፣ በሌላው እጇ ወረቀት ይዛለች። ስሟን አልነግራችሁም። ስሟን ብነግራችሁ «እርሷ ናት» ብላችሁ ታርፋላችሁ። እኔ ደግሞ ዛሬ እንድታርፉ አልፈልግም።

ቀኑ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን የቀረው ቅዳሜ ነው። ሱቅ የሚሠራ ሰው ይህን ቀን ያውቀዋል። ቅቤው፣ አይቡ፣ እንቁላሉ ከበሩ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ጥግ ይገባል። ሽሮው፣ ሱፉ፣ ተልባው፣ የለውዝ ቅቤው ወደ ፊት ይመጣል። ከበላዩ አረንጓዴ ሰሌዳ ይሰቀላል። በሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «የጾም»።

እንዴት እንደሚደረደር የወሰነችው ሴትዮዋ አይደለችም። ንድፉ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በወረቀቱ ላይ አምስት እርከን ተሥሏል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ተሰጥቶታል፤ ስንት ረድፍ ፊቱን ወደ ገዢው እንደሚያዞር በቁጥር ተጽፏል። ሴትዮዋ ትለካለች። የማብቂያ ቀኑ የቀረበውን ወደ ፊት፣ የራቀውን ወደ ኋላ ታደርጋለች። የተጣመመውን ታቃናለች። ስትጨርስ ፎቶ ታነሣለች። ፎቶው በየማለዳው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ እዚያም ከንድፉ ጋር ይመሳከራል።

ይህን ሥራ አትናቁት። ሰው ሱቅ ሲገባ ራሱ የሚመርጥ ይመስለዋል። እጅ ግን ዓይን ያረፈበትን ይከተላል። ዓይን የሚያርፈውስ በምን ላይ ነው? በሩ ሳይከፈት፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ባስቀመጠው ላይ ነው።

ሦስተኛው እርከን የዓይን እርከን ነው። አያስጎነብስም፤ አያንጠራራም። ንድፉ በዚያ እርከን ላይ አንድ ዓይነት ብስኩት አዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት ረድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር። ሴትዮዋ ደረደረች።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን እማማ ባፈና የሚባሉ አሮጊት መጡ። ፊደል አልቆጠሩም። ከሦስተኛው እርከን አንድ እሽግ አንሥተው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኼ የጾም ነው?»

«አዎ እማማ። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ሰሌዳ አላነብ። የማነበው አንቺን ነው።»

«የጾም ነው፣ እማማ።»

«ጎሽ። ለሽማግሌው ነው። ጥርስ የሚባል አልቀረለትም፤ ጾሙን ሲፈታ በሻይ እያራሰ ይውጠዋል። ከቆሎ ጋርማ ከተቀያየሙ ስንት ዘመናቸው!»

ሦስት እሽግ ይዘው ሄዱ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሴትዮዋ አንድ የተቀደደ እሽግ አገኘች። የተቀደደ ዕቃ ከመመለሱ በፊት በጀርባው ያለው ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩን ስትፈልግ ከቁጥሩ በላይ ያለውን አነበበች። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። የስንዴ ዱቄት። ስኳር። የአትክልት ዘይት። የአጓት ዱቄት። የወተት ዱቄት።

ደግማ አነበበች። ሌላ እሽግ አነሣች። ሌላም አነሣች። ሁሉም ያው ነው።

እዚህ ላይ ማንንም አትክሰሱ። አምና ያ ብስኩት ወተት አልነበረውም። ዘንድሮ አስመጪው ሌላ ዓይነት አመጣ፤ ልባሱ ግን ያው ነው፤ ያው ቀለም፣ ያው የስንዴ ዛላ። ንድፍ አውጪው የአምናውን መልክ አይቶ የአምናውን ቦታ ሰጠው። ይህ ስሕተት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ውሸት የሚጀምረው ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ ባለችው ደቂቃ ነው። ያችን ደቂቃ ልንገራችሁ።

ሴትዮዋ እሽጉን ይዛ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባች። አቶ ጥላዬ ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሠራተኛ ሲታመም ይጠይቃሉ፤ ለቅሶ አይቀሩም። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ታሪክ ለእናንተ ባላመጣሁት።

«ጋሼ ጥላዬ፣ የሦስተኛው እርከን ብስኩት ወተት አለው።»

እሽጉን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አወጡ። አነበቡ። መነጽራቸውን መልሰው ከተቱ።

«ስንት ወተት ይኖረዋል? የማንኪያ ሩብ አይሞላም።»

«የጾም ነው ብለን ሰቅለናል እኮ።»

«ብስኩቱ የጾም ነው አላልንም። ሰሌዳው መደርደሪያውን ነው የሚያመለክት።»

«ሰዉ መደርደሪያ አይበላም፣ ጋሼ።»

አቶ ጥላዬ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። ግን አልሳቁም።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ንድፉ ከላይ ነው የመጣ። እኔና አንቺ ደርዳሪዎች ነን። ጻፉልኝ ብዬ ጠይቄ፣ እነሱ ተሰብስበው፣ አስመጪውን አነጋግረው፣ መልስ እስኪሰጡኝ ፋሲካ ይደርሳል።»

«እስከዚያ ላንሣው?»

«እስከዚያ በቦታው ይቆያል። የሙከራ ጊዜሽ ስንት ቀረው?»

«ዘጠኝ ቀን።»

«እንግዲያ ዘጠኝ ቀን ዝም በዪ። ከዚያ በኋላ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ያኔ እንደፈለግሽ ትናገሪያለሽ።»

ሰማችሁት? ደግ ምክር ነው። አባት ለልጁ የሚመክረው ምክር ነው። ሴትዮዋ ወደዚህ ሥራ ከመግባቷ በፊት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሥራ ፈትታ ኖራለች። ታናሽ ወንድሟን የምታስተምረው እርሷ ናት። ዘጠኝ ቀን ምንድን ነው? ዘጠኝ ቀን ዝም ያላለ ማን አለ? ከእናንተ መካከል ዘጠኝ ዓመት ዝም ያላችሁ አላችሁ። እኔም ከመካከላችሁ ነኝ።

ሐሙስ ማለዳ፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ሴትዮዋ ብስኩቱን ከሦስተኛው እርከን አወረደች። አልደበቀችውም። ከሌሎቹ ብስኩቶች ጋር፣ ሁሌም በሚኖርበት ቦታ አስቀመጠችው። የሚበላ ይብላው። እርከኑን ባዶ ተወችው። ባዶውን ፎቶ አነሥታ ላከችው።

አቶ ጥላዬ በሦስት ሰዓት ከቢሯቸው ወጡ።

«ፎቶውን አይተውት ደወሉልኝ! ጥርሱ የወለቀ አፍ ነው የሚመስል አሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«ወተት አለው ይበሏቸው።»

«እኔን ነው እንዲህ የምትዪኝ?»

በገዛ እጃቸው መለሱት። ዐሥራ ሁለት ረድፍ። እጃቸው ሥራውን ስለማያውቅ አጣመሙት።

ዓርብ ማለዳ ሴትዮዋ ደግማ አወረደችው። አቶ ጥላዬም ደግመው መለሱት። ገንዘብ ከምትቀበልበት መቀመጫ ሆና ይህን የምታይ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሸምሲያ ትባላለች፤ ሙስሊም ናት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ብስኩት ስታወጪ ስታወርጂ እኮ ወገብሽ ተቀነጠሰ» አለቻት።

«ምን ላድርግ?»

«ወላሂ፣ የእናንተ ጾም ለእኔ ምኔም አይደል። ግን ዛሬ የአንቺን የጾም ነው ያለ፣ ነገ የእኔን ሐላል ነው ይለኛል። አንቺ እዚያ አውርጂ። እዚህ ያመለጠሽን እኔ እይዘዋለሁ። አብሽሪ።»

ሸምሲያም ያለችውን አደረገች። ያን ብስኩት ይዞ ወደ እርሷ የመጣውን ሁሉ «ይኼ ወተት አለው፤ ዐውቀው ነው?» ትለው ጀመር። ግማሹ አመስግኖ መለሰ። ግማሹ ተቆጣ። «አንቺ ስለ ጾም ምን አገባሽ?» ያላትም ነበረ።

ወገኖቼ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቁሙ። በዚያ ዓርብ፣ በዚያ ሱቅ፣ ጾማችንን የጠበቀችልን ሸምሲያ ናት። እኛ የት ነበርን? ተራ ይዘን ነበር። ብስኩቱን በእጃችን ይዘን፣ ተራችንን እየጠበቅን፣ ተቆጥተን።

ቅዳሜ መጣ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ሱቁ ሞልቷል። አቶ ጥላዬ በማለዳ ገብተው ከመደርደሪያው ፊት ቆመዋል፤ ማንም እንዳያወርደው። እማማ ባፈናም መጡ። በቀጥታ ወደ ሦስተኛው እርከን ሄደው እጃቸውን ዘረጉ።

አሁን ሴትዮዋ ሁለት ነገር ታያለች። አንደኛው የተዘረጋው እጅ ነው። ሁለተኛው ከእጁ አጠገብ የቆሙት፣ የእንጀራዋ ገመድ በመዳፋቸው ያለው ሰው ናቸው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እማማ ባፈና አያነቡም። የሚያነቡት እርሷን ነው፤ እርሷ ደግሞ ፊቷን ወደ ሌላ ማዞር ትችላለች።

አላዞረችም።

«እማማ፣ ይተዉት። ባለፈው የጾም ነው ያልኩዎት ወተት አለው። አስገድፌዎታለሁ። አጥፍቻለሁ።»

በዙሪያው ያለው ሰው ዞሮ አየ። የአሮጊቷ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«ስንት ቀን ሆነ ልጄ?»

«ዐሥራ አንድ ቀን።»

«ያኔ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«መቼ ዐወቅሽ?»

«ረቡዕ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከረቡዕ ወዲህ እዚህ ያስቀመጠው ማን ነው?»

መልሱን የሰጠው የሰዉ ዓይን ነው፤ ሁሉም ወደ አቶ ጥላዬ ዞረ።

እማማ ባፈና ቀረብ አሏቸው። ቁመታቸው እስከ አቶ ጥላዬ ደረት ነው። አልጮሁም።

«ልጄ፣ ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ፣ እማማ።»

«እግዜር ይቀበልህ። ከዚህኛው ብስኩት ትበላለህ?»

አቶ ጥላዬ ዝም አሉ።

ያን ዝምታ ስሙት። እኔ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ብዙም ሰብኬአለሁ። ያን ዝምታ የሚያህል ስብከት አልሰማሁም። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አቶ ጥላዬ ምን ይበሉ እንደነበር ሸምሲያ ታውቃለች። ከቤታቸው በላስቲክ ቋጥረው ያመጡትን ቆሎ ይበሉ ነበር። ከረቡዕ ወዲህ አንድም ቀን ከሦስተኛው እርከን አልቀመሱም። ለራሳቸው ጾም ጠንቃቃ ነበሩ። በጣም ጠንቃቃ ነበሩ።

ሴትዮዋ የምትደረድርበትን አጭር መሰላል አመጣች። ወጣች። ሰሌዳውን ከመንጠቆው ነቀለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ አቶ ጥላዬ።

«ወይ ብስኩቱ ይነሣ፣ ወይ ሰሌዳው ይውረድ። ሁለቱ አብረው አይኖሩም።»

«መልሺው።»

«አልመልስም።»

«እያዘዝኩሽ ነው!»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። አልመልስም።»

ሰሌዳውን በብብቷ ይዛ ወረደች። ሰባት ሰዓት እስኪሆን ድረስ በብብቷ ይዛው ስትሠራ ዋለች። ሽሮ ደረደረች፤ ተልባ ደረደረች፤ ሰሌዳውን አላስቀመጠችም። ሸምሲያ «አሁንማ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ያዥ መሰልሽ» ብላ ቀለደችባት። እርሷም ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ እዞራለሁ።

«ስለ አንድ ማንኪያ ወተት ይህ ሁሉ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፊታችሁ ላይ አያለሁ። እኔ ስለ ወተት አልመጣሁም። ሳያውቁ የበሉትን አሮጊት ፈጣሪ በወተት አይይዛቸውም። ሽማግሌውንም በሻይ ባራሱት ብስኩት አይይዛቸውም። የመጣሁት ሰሌዳውን ስለሰቀለው እጅ ነው። ዐውቆ ስላላወረደው እጅ ነው።

ሁላችሁም ደርዳሪዎች ናችሁ። ማለዳ ተነሥታችሁ፣ ሌላው ሳይነሣ፣ የሌላው ዓይን የሚያርፍበትን የምታስቀምጡ እናንተ ናችሁ። ልጆቻችሁ «የማነበው አንቺን ነው» ይሏችኋል፤ በአፋቸው አይሉትም እንጂ ይሏችኋል። በዓይናቸው ከፍታ ያስቀመጣችሁላቸው ምንድን ነው? ወደ ጥግ የገፋችሁትስ?

ቤት የምትሠራ ሆይ፣ ከሠራኸው ቤት ልጆችህን ታሳድርበታለህ? አስተማሪው ሆይ፣ ልጅህን ከምታስተምርበት ክፍል ታስገባዋለህ? በርበሬ የምትፈጪ እናቴ፣ ለገበያ የፈጨሽውን በራስሽ ወጥ ላይ ትነሰንሺዋለሽ? ከምትሸጡት ትበላላችሁ? አሮጊቷ ይህን ነው የጠየቁት። መልሳችሁ ዝምታ ከሆነ፣ ዝምታችሁን እናንተም ስሙት።

«ታዘን ነው» አትበሉኝ። ንድፉ ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚመጣ። ንድፍ ከታች መጥቶ አያውቅም። ከላይ የመጣው ንድፍ ግን እጅ የለውም፤ እጅ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ዐሥራ ሁለቱን ረድፍ ንድፉ አልደረደረም። ሰው ደረደረው።

በአንገታችን ማዕተብ አስረናል። እስቲ ንኩት። ዛሬ አብዛኞቻችሁ አስራችሁ መጥታችኋል። ያ ክር ሰሌዳ ነው። «ይህ ሰው የክርስቶስ ነው» ይላል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ያነቡታል፤ አንብበውም ያምኗችኋል፤ አምነው ከእናንተ ይገዛሉ፤ አምነው ልጃቸውን ይድሩላችኋል። ከክሩ ሥር ያለው ምንድን ነው? በጀርባችሁ፣ የጤፍ ፍሬ በሚያህል ፊደል የተጻፈው ምን ይላል?

እኔስ? እኔም በሰሌዳ ሥር ነኝ። ይህ ቀሚስ ሰሌዳ ነው። የምሰብከውን የማልኖረው ከሆነ፣ ከእናንተ አንዱ መሰላል አምጥቶ ይህን ቀሚስ ከላዬ ያውርድ። አልቀየመውም። ብቀየመውም ያውርድ።

ከሁለት አንዱን ምረጡ እላችኋለሁ። ወይ ከሥሩ ያለውን አንሡ፣ ወይ ሰሌዳውን አውርዱ። ባዶ እርከን አያሳፍርም። ጥርሱ የወለቀ አፍ አያሳፍርም፤ ቢያንስ አይዋሽም። ባዶነታችሁን ፎቶ አንሥታችሁ ወደ ላይ ላኩት። «ይህን ያህል ነው ያለኝ» በሉ። የሚያሳፍረው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ተቃንቶ፣ ተወልውሎ፣ የቆመው ውሸት ነው።

ነገ ማለዳም አንድ ሰው መልሶ ይደረድረዋል። ዕወቁት። ሐሙስም መለሱት፤ ዓርብም መለሱት። እናንተም ደግማችሁ አውርዱት። ስንት ጊዜ? የመለሱትን ያህል ጊዜ። ድካም የእነርሱም ነው፤ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ሴትዮዋስ ምን ሆነች ትሉኛላችሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ተጸጸተ፣ አቶ ጥላዬ አለቀሱ፣ እርሷም በእርሳቸው ወንበር ተቀመጠች እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። እንደዚያ ያለ መጨረሻ ደግሞ እርሱም ሰሌዳ ነው፤ ከሥሩ የሌለውን አለ ይላል። እኔ እርሱን አልሰቅልላችሁም።

ሰኞ ዕለት ደብዳቤ ተሰጣት። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው የስንብት ምክንያት አንድ መስመር ነው፦ «የተሰጣትን የአደራደር ንድፍ ባለማክበሯ»።